ጠንቋዩ ያላየው ቤት

ባልደረቦቹ «ጠንቋዩ» ይሉታል። ስሙን ያወጣችለት አጠገቡ የምትቀመጠው ልጅ ናት፤ እሷንም «ትንሿ ኢንጂነር» ይሏታል። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ መብራቷ ብልጭ ድርግም እያለ እንዳስቸገራት ለመናገር ከመሥሪያ ቤቷ ደወለች። እሱ ስክሪኑን አየት አደረገና «እሱስ ይደርሳል እመቤቴ፣ መጀመሪያ ምድጃው ላይ የጣዱትን ሄደው ያውጡ» አላት። ሴትዮዋ ጩኸቷን አቅልጣ ወደ ቤቷ በረረች፤ እውነትም ጥዳ ረስታ ወጥታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማን በስሙ ይጥራው። እሱም አልከፋውም። እንዲያውም ቅጽል ስሙን እንደ ሜዳልያ ደረቱ ላይ ለጥፎት ይዞር ነበር ብንል ሐሜት አይሆንብንም።

የሚሠራበት አዳራሽ ድሮ የስልክ ክፍል ነበር። ድምፃቸው የሻከረ ሴቶች ተደርድረው ቀኑን ሙሉ «መብራት ጠፋብን» የሚል ልመናና ስድብ ይቀበሉበት ነበር፤ የጨለመው ሰፈር ስም ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተጽፎ ተራውን ይጠብቃል። አሁን ስልኮቹ የሉም፤ ከሴቶቹም አብዛኞቹ የሉም። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የያዘ ስክሪን ላይ ከተማው ተዘርግቷል፤ እያንዳንዱ ቤት አንድ ነጥብ ነው። ደህና የሆነው አረንጓዴ፣ የሚያጠራጥረው ቀይ። በየቤቱ በር ላይ የተሰቀለው አዲሱ ቆጣሪ ያየውን ሁሉ ለአዳራሹ ያወራል፤ ወሬ እንደሚወድ ጎረቤት ነው፣ ልዩነቱ አይደክመውም። እንግዶች ለጉብኝት ሲመጡ የሚያስጎበኛቸው ጠንቋዩ ነው። «ድሮ መብራት መጥፋቱን ደንበኛው ነበር የሚነግረን፣ አሁን እኛ ነን ለደንበኛው የምንነግረው» ይላቸዋል። እንግዶቹ ይስቃሉ፣ እሱም እስኪስቁ ይጠብቃል።

አባቱ የዚያው መሥሪያ ቤት ጡረተኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን ምሰሶ ላይ ስለጨረሱ ጡረታ ሲወጡ መሬት ላይ መራመድ አዲስ ሆነባቸው ተብሎ ይቀለድባቸው ነበር። የመስመር ሠራተኞች «ጦጣው» ይሏቸው ነበር፣ ያውም ፊት ለፊታቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ከከተማው ዳር ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጃቸው በየሳምንቱ ይሄድ ነበር፤ ኋላ በየወሩ ሆነ፤ ኋላ ደግሞ «ሰሞኑን ብቅ እላለሁ» ሆነ። ሰሞኑን የሚባለው ቀን መቼ እንደሚውል የሚያውቅ የለም።

አዲሱን ቆጣሪ የአባቱ ቤት ያስገባው ራሱ ነበር። ሥራውን ሲጨርስ ስልኩን አውጥቶ አሳያቸው። የሻይ ማፍያው ሲሰካ ስልኩ ላይ ያለችው መስመር ተነሣች፤ ሲነቀል ተኛች።

«አየህ አባዬ፣ ከእንግዲህ ወንበሬ ላይ ሆኜ አይሃለሁ። ስትነሣ፣ ስትተኛ፣ ሻይ ስታፈላ፣ ሁሉንም። አጠገብህ እንዳለሁ ቁጠረው።»

አባትየው መስመሯን ትክ ብለው አዩዋት። «እኔስ?» አሉ።

«አንተስ ምን?»

«እኔስ አንተን በምን አይሃለሁ?»

ልጁ ቀልድ መስሎት ከት ብሎ ሳቀ። አባቱም እሱ ከሳቀ ብለው አብረውት ሳቁ።

መጀመሪያ ሰሞን በየጠዋቱ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ የአባቱን መስመር ያይ ነበር። የሻይ ማፍያው ከተሰካ ሰላም ነው፣ ወደ ሥራ። አባቱ ሲደውሉለት ታዲያ ወሬያቸውን ከአፋቸው መንጠቅ ጀመረ። «ዛሬ እኮ በማለዳ...» ብለው ሲጀምሩ «አውቃለሁ፣ በማለዳ ተነሥተሃል። ማታም ቴሌቪዥን ስታይ አምሽተሃል። አይቼሃለሁ፣ ደህና ነህ። በል አባዬ፣ ስብሰባ ልገባ ነው» ይላቸዋል። ሽማግሌ ሰው ደግሞ ሀብቱ ወሬው ነው፤ እሱን ቀድመው ከነገሩት ምን ይዞ ይደውላል? የአባትየው ስልክ እየራቀ ሄደ። ልጁ መራቁን የጤንነት ምልክት አድርጎ ወሰደው።

ኋላ መስመሯን በየጠዋቱ ማየትም ሰለቸውና «ለውጥ ሲኖር አንተው ንገረኝ» ብሎ ስልኩን አዘዘው። ስልኩ ትእዛዝ አክባሪ ነው። አባትየው የመታጠቢያ ቤቱን አምፖል ባበሩ ቁጥር መጮህ ያዘ። አንድ ቀን አለቆቹ ፊት ጮኸበትና ጠንቋዩ በድንጋጤ ድምፁን ዘጋው። ማታ እከፍተዋለሁ እንዳለ ረሳው።

በዚያው ሰሞን መሥሪያ ቤቱ አዲስ ዘመቻ ጀመረ። ፕሮግራሙ ራሱ ሌባ ይለቅማል። ሰው እንደሚኖርበት የታወቀ ቤት ድንገት ፍጆታው ዜሮ ሲገባ፣ «ይሄ ሰውዬ ከቆጣሪው በፊት ገመድ ቀጥሎ እየሰረቀ ነው» ብሎ ይጠረጥርና ነጥቡን ቀይ ያደርገዋል። ከዚያ አንድ ሰው ነጥቦቹን አንድ ባንድ አይቶ «ይሂዱ» ሲል ባለመሰላሉ መኪና ይወጣል። ያ አንድ ሰው ጠንቋዩ ነው። መጀመሪያ እያንዳንዷን ነጥብ እየከፈተ የማን ቤት እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት ምን ይመስል እንደነበር ያይ ነበር። ሌቦች ሲያዙና አለቆቹ ሲያመሰግኑት ግን የልብ ልብ ተሰማው። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰፈር ሙሉ በጣቱ ከብቦ በአንድ ጊዜ «ይሂዱ» ማለት ለመደ። ፕሮግራሙ ቢሳሳት ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው ብሎ አስቦ ነበር፣ ካሰበ።

ነገሩ የደረሰው አለቃው ከሌላ ከተማ የመጡ እንግዶችን ይዞ በገባበት ጠዋት ነው። እንግዶቹ ተመሳሳይ ነገር ለራሳቸው ለመትከል አስበው ለማየት የመጡ የመብራት ሰዎች ናቸው። ጠንቋዩ ነጥቦቹን እያሳየ፣ ሌባ እንዴት እንደሚለቀም እያስረዳ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ከመስክ የደወለው የቡድን መሪው ነው። ይሄን ልጅ «ጉጠት» ይሉታል፣ አንዴ የያዘውን ስለማይለቅ። ጠንቋዩ ለእንግዶቹ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አይገኝም ብሎ ድምፁን ለአዳራሹ ከፈተው።

«ጠንቋዩ፣ አንድ አስቸጋሪ ሽማግሌ ገጥመውናል» አለ ጉጠት። «የማብሪያውን ሳጥን ቆልፈውታል። ክፈቱ ስንላቸው ‹ማነው የላካችሁ? የላካችሁ ሰው ራሱ ይምጣ› ብለው በሩ ላይ ቆመዋል። ምን እናድርግ?»

እንግዶቹ ፈገግ አሉ። አለቃው ወደ ጠንቋዩ ዞረ። ጠንቋዩ ደረቱን ነፋ።

«ሌባ እኮ ሁልጊዜም እንዲህ ነው!» አለ፣ ከኋላ የቆሙት ሁሉ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ሲያዝ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ይሟገታል። ሽማግሌ መሆን የስርቆት ፈቃድ አይደለም። ከምሰሶው ላይ ቁረጡበት፣ ያኔ ሳይወድ ይከፍታል።»

አንዱ እንግዳ ሳቀ። ከወዲያኛው ጫፍ ግን የቁልፍ ቅጭልታ ተሰማ።

«ምን እንደሆኑ እንጃ» አለ ጉጠት በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እጄ ሥራ ስለያዘ የስልኩ ድምፅ ለሁሉም ክፍት ነበር፤ ያልከውን ሰምተዋል። ቅድም እንደዚያ ሲሟገቱኝ የነበሩት ሰውዬ ድምፅህን ሲሰሙ ቁጭ አሉ። ቁልፉንም ሰጡኝ።»

«ይሄን ማየት አለብን» አለ አለቃው ደስ ብሎት። «በለው ቪዲዮ ያሳየን።»

የከተማው ካርታ ከግድግዳው ላይ ገለል አለና በቦታው የአንድ ቤት በር መጣ። ቀለሙ የተላጠ የብረት በር፤ አጥር ላይ የተደገፈ መሰላል፤ ዳር ዳር የቆሙ ጎረቤቶች፤ ደፉ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ። ሽማግሌው ኮታቸውን ለብሰው እስከ አንገት ድረስ ቆልፈዋል፣ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው። እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ። ግድግዳው ትልቅ ነው፤ ሰውዬው ከአለቃውም ከእንግዶቹም በላይ ገዝፈው ታዩ። የተላጠው በር ቀለም ከመላጡ በፊት የቀባው ጠንቋዩ ነበር፣ ተማሪ ሳለ።

«አባዬ» የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ከአፉ ሊያወጣው ፈለገ፣ እውነቱን ለመናገር ፈልጎ ነበር። ነገር ግን አለቃው አለ፣ እንግዶቹ አሉ፣ ገና አሁን «ሌባ» ብሎ ሲያስቃቸው ነበር።

ትንሿ ኢንጂነር ፊቱን አይታ ኖሮ ጠጋ አለችው። «ምነው? ታውቃቸዋለህ እንዴ?»

«አላውቃቸውም» አለ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። እሱ ግን ታውቆታል። ቃሉን ገና ተናግሮ ሳይጨርስ ታውቆታል፤ ሊመልሰው ግን አልሞከረም። ይልቅ ጉጠትን «እንዳትቆርጥ፣ ቆየኝ፣ ራሴ መጥቼ አያለሁ» አለው። አለቃው ወደ እንግዶቹ ዞሮ «አያችሁ? ሠራተኞቻችን ወንበር ላይ ተቀምጠው ብቻ አይደለም የሚሠሩት» አለ። እንግዶቹ ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው፤ መሬት ግን እንዲህ ባለ ሰዓት ተከፍታ አታውቅም።

መኪና ውስጥ ብቻውን ሲሆን ሐሳቡ ሌላ መንገድ ያዘ። አባቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ገመድ መቀጠል የሚችሉ ሰው ናቸው። ቢሰርቁ ማን ያውቅባቸዋል? ምናልባት ሰርቀው ይሆናል። ይህን ሲያስብ ደረቱ ላይ የተጫነው ነገር ትንሽ ቀለል አለለት። ወዲያው ምን እየተመኘ እንደሆነ ገባው። አባቱ ሌባ ሆነው እንዲገኙለት እየተመኘ ነው፣ «ሌባ» ያለው ቃል እውነት እንዲሆንለት። መሪውን እንደያዘ የገዛ ራሱ ሐሳብ ዘገነነው።

ሲደርስ ጎረቤቶቹ አልተበተኑም። ጉጠት ወደ መኪናው ሮጦ መጣ።

«ምንም የለም» አለ። «የተቀጠለ ገመድ የለ፣ የተነካ ቆጣሪ የለ። ዋናው ማብሪያ ብቻ ወደ ታች ወርዷል። ራሳቸው ናቸው ያወረዱት። ቤቱን ገብቼ አየሁት፣ ሻማ ብቻ ነው። ለምን አወረዱት ስላቸው ‹የላከህ ሰው ያውቃል› ይሉኛል። ታውቃለህ?»

መልስ ሳይሰጠው አንዲት ጎረቤት ቀደመች። ልጅ ታቅፋለች፣ አፏ ደግሞ ወደኋላ የሚል አይደለም።

«እንኳን መጣህልን! ስንት ጊዜ ነገርኳቸው መሰለህ። ሳምንት አለፋቸው እኮ በጨለማ። ‹አባባ፣ ይደውሉለት እንጂ፣ ስልክዎን እኔ ቤት ቻርጅ ላድርግልዎት› ስላቸው አሻፈረኝ! ‹ልጄ ያየኛል› ነው የሚሉት። ‹ቆጣሪው እየሠራ ቤቱ ዜሮ ሲሆን፣ ያጠፋሁት እኔ ራሴ መሆኔ ይገባዋል። የመስመር ሠራተኛ ልጅ ነው፤ ሰፈሩ በርቶ አንድ ቤት ከጨለመ ሳያንኳኳ አያልፍም› ይላሉ። እኛማ ተወራረድንባቸው ማለት ይቻላል።»

ያን ደንብ ያውቀዋል። በአባቱ ዘመን የተበላሸ መስመር ተጠግኖ ሰፈሩ ሲበራ፣ ሠራተኞቹ መሰላላቸውን ጭነው ዝም ብለው አይሄዱም ነበር። አንድ ቤት ብቻ ጨልሞ ከቀረ አንዱ ወርዶ ያንኳኳል፤ የታመመ ሊኖር ይችላል፣ የወደቀ ሊኖር ይችላል። ይሄን የሚያዝ ወረቀት የለም፤ አባቱ ግን ሳያንኳኩ ያለፉ ቀን እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር። እሱም በልጅነቱ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሲያንኳኩ አይቷቸዋል። ነጥቧን አንድ ጊዜ ከፍቶ ቢያይ ኖሮ የማን ቤት እንደሆነ በደንብ ያውቅ ነበር። አልከፈታትም። ከሌሎቹ ጋር በጣቱ ከብቦ ላካት።

አባትየው ደፉን ተደግፈው ተነሡ። ወደ ልጃቸው ሳይሆን ወደ ጎረቤቶቹ ዞሩ።

«አላልኳችሁም?» አሉ ጮክ ብለው። «ይመጣል አላልኩም? ይኸው መጣ! አይቶ መጣ!»

ጎረቤቶቹ ደስ አላቸው። አንዱ ሽማግሌ «እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን» አለ። ሌላዋ «ተባረክ፣ አባቱን ያልረሳ» አለች። ጎረቤትየዋ የታቀፈችውን ልጅ ወደ እሱ አዙራ «እየው ጋሼን፣ አንተም ስታድግ እንደ እሱ ሁን» አለችው። አባትየው ጠጋ ብለው አቀፉት። ሲያቅፉት ኩምሽሽ አለ። አባቱ ድምፁን ሰምተዋል፤ ሌባ ሲላቸው፣ ቁረጡበት ሲል፣ ከኋላው ሰው ሲስቅ ሰምተዋል። ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው በጎረቤት ፊት የልጃቸውን ገበና ሸፈኑለት። ዓይናቸውን ግን አላገኘውም፤ በትከሻው ላይ አሻግረው ወደ አጥሩ ያያሉ።

ዝም አለ። ምርቃቱን እንደተቀበለ ሰው አንገቱን ሰበር አድርጎ ዝም አለ። ያንን ዝምታ በኋላ ባስታወሰው ቁጥር ፊቱን በእጁ ይሸፍናል።

ያኔ ጉጠት መጣ። ልጁ ሞኝ አይደለም፤ ማን የማን እንደሆነ ገብቶታል። ሄልሜቱን አውልቆ ከአባትየው ፊት ቆመ።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሌባ ያስባልኩዎት እኔ ነኝ። ለቢሮው ሰዎች አሳስቼ ነው የነገርኳቸው፣ እነሱ ምንም አያውቁም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ምንም አይደል ልጄ፣ ሥራ ነው» አሉ አባትየው ቶሎ ብለው። ነገሩ እዚያው ላይ እንዲያልቅ ፈልገዋል።

ሊያልቅም ይችል ነበር። ሆድ ይፍጀው ብሎ ቢተወው ማንም አይጠይቀውም። ነገር ግን የሰው ልጅ፣ ያውም ምንም ያላጠፋ ልጅ፣ በእሱ ፈንታ ባዶ ራሱን ሆኖ ይቅርታ ሲለምን ማየት አቃተው።

«እሱ አይደለም» አለ። «ሌባ ያልኩት እኔ ነኝ። ቁረጡበት ያልኩትም እኔ ነኝ። አይቼ አይደለም የመጣሁት። የማን ቤት እንደሆነ እንኳ አላየሁም ነበር። አባቴን ግድግዳ ላይ አይቼ፣ ታውቃቸዋለህ ስባል አላውቃቸውም ነው ያልኩት።»

እሱ ስድብ ጠብቆ ነበር፤ ቢሰድቡት ደስ ባለው። እነሱ ግን እሱን አላዩትም። ሁሉም የሚያዩት አባትየውን ነው፣ ሰው በድንገት የወደቀን ሰው እንደሚያይ። ጎረቤትየዋ ልጇን ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዛወረችው። «በሉ እንግዲህ... እኔም እሳት ላይ የጣድኩት አለ» አለች። ያ «እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን» ያለው ሽማግሌ የአባትየውን ክንድ ጨበጥ አድርጎ ሄደ። አንድ ባንድ፣ በጨዋ ደንብ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተበተኑ። ጉጠትም መሰላሉን ጭኖ ቀጥ ብሎ ሄደ።

ቤቱ ውስጥ ሲገቡ ቀን ቢሆንም ጨለምለም ይላል። ጠረጴዛው ላይ የጣሳ ክዳን አለ፣ የቀለጠ ሻማ ተደራርቦ ደርቆበታል። ከጎኑ ቻርጁ ያለቀ ስልክ ተደፍቶ ተቀምጧል። የአባትየው አልጋ በሥርዓት ተነጥፏል፤ ወለሉም ተጠርጓል። እንግዳ ይመጣል ተብሎ በየቀኑ ሲጠረግ እንደሰነበተ ያስታውቃል። አባትየው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ኮታቸውን አላወለቁም።

«ቀለለህ?» አሉት።

«አባዬ፣ ይቅር በለኝ። እኔ...»

«ቀለለህ ወይ ብዬ ነው የጠየቅኩህ።»

እውነቱን ይናገር ከተባለ ግቢ ውስጥ ሲናገር ትንሽ ቀሎት ነበር።

«እኔ ድምፅህን የሰማሁት ቅድም ነው» አሉ አባትየው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። «ሰማሁት፣ ዋጥኩት። ልጅ ነው፣ ሥራ ላይ ነው፣ ሰው ከቦታል ብዬ ዋጥኩት። ከአንተ የሚመጣ ነገር ለእኔ ከባድ አይደለም፣ ለምጄዋለሁ። ሰፈሩ ግን ልጁ አይቶ መጣ ብሎ ያድር ነበር። ሳምንት ሙሉ ሲስቁብኝ አፌን ሞልቼ የተናገርኩት እሱን ነበር። ያችን ትተህልኝ ብትሄድ ምን ነበረበት? አንተ ሸክምህን አወረድክ፣ እኔ ላይ ጫንከው። አንተ አሁን ትሄዳለህ። እኔ ነገ ውሃ ልቀዳ ስወጣ የምገናኘው ከእነሱ ጋር ነው።»

አላሰበውም ነበር። በዚያ ጠዋት ካደረጋቸው ነገሮች ሁሉ መልካም የመሰለችው ያቺ አንዷ ነበረች፤ እሷንም ለራሱ ብሎ እንደሠራት አሁን አየ። ሌባ ሲል ለራሱ ነው፣ አላውቃቸውም ሲል ለራሱ ነው፣ ጥፋቴ ነው ሲልም ለራሱ ነው። ከዚህ በላይ ማፈር የሚቻል አልመሰለውም። ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት እጁ የሚያውቀውን ሥራ ፈለገ፤ ወደ ግድግዳው ሄዶ የሳጥኑን ክዳን ከፈተና ማብሪያው ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ላብራልህ?»

«ተው።»

«አባዬ፣ በጨለማ እኮ...»

«ተው አልኩህ። ካበራኸው ትሄዳለህ።»

እጁን አነሣ። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ተንቀጠቀጠ፤ አዳራሹ ነው፣ እንግዶቹ መልስ እየጠበቁ ይሆናል። አላነሣውም። አባቱ ከፊታቸው ያለውን ወንበር በእግራቸው ገፋ አደረጉለትና ተቀመጠ። ሊያለቅስ ፈልጎ ነበር፤ አባቱ ማልቀሱንም ለራሱ ነው እንዳይሉት ፈርቶ ተወው።

«ነገ ና» አሉ አባትየው በመጨረሻ። «በመኪና እንዳትመጣ። ከላይ ከመንገዱ ጀምረህ በእግርህ ና፣ ቤቱ ሁሉ እንዲያይህ። ከነገ ወዲያም እንደዚያው። አንድ ሰሞን ያሙሃል፣ ኋላ ይለምዱሃል።»

«እመጣለሁ።»

«ብለህ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «እመጣለሁ አባዬ።»

«ስትመጣ ያኔ አንተው ታበራዋለህ።»

«ዛሬስ? ዛሬ እንዴት ትሆናለህ?»

አባትየው ጠረጴዛው ላይ በዳበሳ ፈለጉና አንድ ግማሽ ሻማ አንሥተው አሳዩት።

«ዛሬ ይሄ አለኝ» አሉ። «ሂድ፣ ይጠብቁሃል።»